የላይ ቤት ሰዎች

እስቲ ቀና በሉና ያችን የተደፈነች ስንጥቅ እዩ። እዚያ፣ ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ሥር። አንድ ጣት ታስገባ ነበር፣ ሁለት አታስገባም ነበር። አላያችኋትም አይደል? አታዩማ! ሰው አንገቱን የሚያቀናው ዝናቡ መጣ ወይስ ቀረ ለማለት ብቻ ነው። በዚያች ስንጥቅ ግን አንድ መንደር ሙሉ ይገባና ይወጣ ነበር፤ ምስማር የሚሉት ሰውዬ በገዛ እጁ እስኪደፍናት ድረስ።

ምስማር ያን ጊዜ የዚህ ልብስ ማጠቢያ ቤት ጠጋኝ ነበር። የተበሳው ቧንቧ፣ የረገበው ማጠፊያ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ፣ ሁሉም የሚመጣው ወደ እሱ ነው። ስሙን ያወጡለት አጣቢዎቹ ናቸው። ሲሠራ ምስማሮቹን በከንፈሩ ይዞ ነውና ምን ቢጠይቁት መልሱ «እም» ነው።

«ምሳ በላህ?»

«እም።»

«ሚስትህ ጠፍታ ሄደች አሉ፣ እውነት ነው?»

«እም።»

«ሠርጉም ላይ ትወዳታለህ ወይ ሲሉት ‹እም› ነው ያለው!» ይሉና ገንዳው ላይ ተደፍተው ይስቃሉ።

ሚስቱ እዚያው የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ነች። የእሱን ድርሻ ጨምራ የምታወራ ሴት ናት። ሁለቱ የሚኖሩት ውሃ አፍልቶ እንፋሎት ከሚሰጠው ከቦይለሩ ጀርባ ማጠቢያ ቤቱ በሰጣቸው ጠባብ ክፍል ነው። ክፍሏ መስኮት የላትም ማለት ይቻላል፤ ያለቻት መስኮት የምታየው የከሰል ክምር ነው። ግን አንዱ ግድግዳዋ ከቦይለሩ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ ክረምት ከበጋ ለብ እንዳለ ነው። ሚስትየዋ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟታል፤ ማታ ማታ ጀርባዋን ለዚያ ግድግዳ ሰጥታ እግሯን ዘርግታ ካልተቀመጠች ሌሊቱን አትተኛም። «ባሌን ቢወስዱብኝ ግድ የለም፣ ግድግዳዬን እንዳይነኩ» ትላለች። ቀልድ ነው። ቀልድ ነበር።

እንግዲህ ያንን ሙቀት የፈለገች እሷ ብቻ አልነበረችም። የእንፋሎቱ ትልቅ ቧንቧ ከቦይለሩ ተነሥቶ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አልፎ ነው ወደ መተኮሻው የሚወርደው። እዚያ ላይ የሌሊት ወፎች ይኖሩ ነበር። ሚስትየዋ «የላይ ቤት ሰዎች» ትላቸዋለች። «የላይ ቤት ሰዎች ዛሬ ቀደም ብለው ወጡ፣ የሚዘንብ ይመስለኛል።» «የላይ ቤት ሰዎች ዛሬ ጠብ አላቸው መሰለኝ፣ ሲንጫጩ ዋሉ።»

ከየት መጡ? ድሮ ወንዙ ዳር አንድ ሆዱ የበሰበሰ ትልቅ ዛፍ ነበር፤ ቤታቸው እሱ ነበር። መንገድ ይስፋ ተባለና ዛፉ ተቆረጠ። ሲወድቅ አቤት ያለ የለም። ውስጡ ምን እንዳለ የጠየቀም የለም። እንስሳ ቤቱ ሲፈርስበት ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ መላመድ ወይ ማለቅ። ሄዶ የሚከሰው ፍርድ ቤት የለውም። እነዚህ ተላመዱ። የዛፉን ሆድ የመሰለ ጨለማና ሙቀት ፈልገው ፈልገው ከሰው እንፋሎት በላይ አገኙት፤ የሆቴል እንግዶች የሚያድሩበት አንሶላ ከሚታጠብበት ቤት ራስ ላይ።

ደግሞም እዚያ የሚሰበሰቡት ሴቶቹ ብቻ ናቸው። ወንዶቹ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ፣ በየድንጋዩ ስንጥቅ ለየብቻ ነው የሚያድሩት። ሴቶቹ ግን መውለጃቸው ሲደርስ አንድ ላይ ይመጣሉ። ልጁ ሲወለድ ራቁቱን ነው፤ ለብቻው ከተንጠለጠለ ብርድ ይገድለዋል። ስለዚህ ተጠጋግተው፣ ገላ በገላ ላይ ተደርበው አንዱ ሌላውን ያሞቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ስንል እኛ እናወራዋለን፤ እነሱ ይኖሩታል። አንዷ እናት የምትወልደው በዓመት አንድ ነው። አንድ! «አይጥ ክንፍ ስታወጣ» እያለ የሚስቅ ሁሉ ይህን ይወቅ፤ አይጥ በዓመት መንጋ ትወልዳለች፣ የሌሊት ወፍ ግን ዓመት ጠብቃ አንዲት ነፍስ ነው የምታመጣው። ታጠባዋለችም፤ ጡት አላት። ሲመሽ ልጇን እዚያው አንጠልጥላ ለአደን ትወጣለች። ስትመለስ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል የራሷን ልጅ ድምፅ ለይታ፣ ሄዳ ታቅፈዋለች። እናንተ ግን የምታውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፀጉር ላይ ትጣበቃለች። ማን ፀጉር ላይ ተጣብቃ አየ? ማንም!

ምስማርም ይህን አያውቅም ነበር። ጥፋቱ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

አንድ ቀን ኃላፊው አንሶላ ይዞ መጣ። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ከሚታጠቡት ሁሉ የነጣ። አንሶላው ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ጥቋቁር ነገሮች ነበሩበት።

«ጋሼ፣ ይሄን ያዩታል?»

ምስማር ምስማሮቹን ከአፉ አወጣ። «የላይ ቤት... የወፎቹ ኩስ ነው፣ አለቃ።»

«ከነገ ወዲያ የትልቁ ሆቴል ሰዎች ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ። ሥራውን ለእኛ ሊሰጡን ነው። እነሱ ራስ ላይ ይሄ ቢወርድ ምን እላለሁ? ዛሬውኑ ቀዳዳውን ይድፈኑልኝ።»

«ውስጥ እያሉ?»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ። እንዲወጡ ያድርጉና ይድፈኑ። እኔ ጨካኝ ሰው አይደለሁም።»

ምስማርም ጨካኝ አይደለም። ችግሩ ይኸው ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጨካኝ የሚባል ሰው የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በቀን፣ እንደተኙ በጭስ አፍኗቸው ይጨርስ ነበር። እሱ ግን መሰላሉን አቆመ፣ ላሜራውን ቆርጦ አዘጋጀና ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቀ። እስኪወጡ! ሲመሽ ወጡ፤ ከስንጥቋ እንደ ጭስ እየተመዘዙ፣ በጆሮው አጠገብ እያለፉ። የመጨረሻዋ እስክትወጣ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ከዚያ ደግሞ፣ የቀረ እንዳይኖር ብሎ ቆርቆሮውን በመዶሻው እጀታ ጠቅ ጠቅ አደረገና ጆሮውን ሰጠ። ጸጥ። እናቱ የሌለችበት ሕፃን ኮሽታ ሲሰማ ትንፋሹን እንደሚውጥ ማን ይንገረው? ላሜራውን ገጠመ፣ መታ፣ በሲሚንቶ ለሰነ፤ ወረደ።

«አንዲትም ነፍስ አላጠፋሁም» አላት ሚስቱን፣ እጁን እየታጠበ። ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

«የላይ ቤት ሰዎችን አስለቀቅካቸዋ!» አለች ግድግዳዋን ተደግፋ። «የት ይገቡ ይሆን?»

«ክንፍ አላቸው።»

«እሱስ ልክ ነህ። እኛ ነን ክንፍ የሌለን።»

ያን ሌሊት ሁለቱም ጥሩ እንቅልፍ ተኙ። ለመጨረሻ ጊዜ።

ጠዋት መተኮሻው ገና ሳይሞቅ ድምፁ መጣ። መጀመሪያ ለሴቶቹ የእንፋሎቱ መክፈቻ የላላ መሰላቸው። ቀጭን ነው፤ መስታወት ላይ ምስማር ሲጎተት እንደሚወጣው ያለ፣ ግን አንድ ሳይሆን ብዙ፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው የሚቀበለው። ከኮርኒሱ በላይ ነው። እዚያ ቤት ከሁሉም የቆየችው አጣቢ፣ አረፋ እስከ ክርኗ ስለማይለያት እማማ አረፋ የሚሏት፣ ገንዳዋን ትታ መጣችና አንገቷን አዘንብላ አዳመጠች።

«ይሄማ የሕፃን ልቅሶ ነው» አለች።

«እማማ ደግሞ! ቧንቧ ነው።»

«ስምንት ወልጄ ልቅሶ ከቧንቧ አልለይም? ይሄ የራበው ነው።»

ምስማር ይህን ሰምቶ ወደ ውጭ ወጣ። ፀሐይዋ ወጥታለች፤ የሌሊት ወፍ በዚያ ሰዓት የትም መታየት አልነበረባትም። እነሱ ግን እዚያ ነበሩ። በለሰነው ሲሚንቶ ዙሪያ ግድግዳውን ሙጭጭ ብለው ይዘውታል፤ አንዷ በሌላዋ ላይ እየተረማመደች ላሜራውን ትቧጥጣለች። የደከማት ወርዳ ገመድ ላይ የተሰጣው ነጭ አንሶላ ላይ ተለጥፋለች። አንዷ በርራ መጥታ የካፖርቱን እጅጌ ያዘች። ሊያራግፋት እጁን አነሣና ተወው። ደረቷ አጠገብ በክንፏ ሥር ፀጉሩ ርሷል፣ ተጣብቋል። ጎንበስ ብሎ አየ። ወተት ነበር።

ያን ጊዜ ገባው። አፉ ውስጥ የያዘውን ምስማር ሊውጥ ምንም አልቀረውም።

በቀጥታ ወደ ኃላፊው ሄደ።

«አለቃ፣ ልጆቻቸው ውስጥ ቀርተዋል። ልክፈተው።»

«የምን ልጆች?»

«የወፎቹ። እናቶቹ ውጭ ናቸው፣ ልጆቹ ውስጥ። እያለቀሱ ነው። ይሰማል እኮ!»

ኃላፊው ወደ ላይ አየና ጆሮውን አከከ። «ጋሼ፣ ነገ እንግዶች አሉብኝ። ከከፈትነው ተመልሰው ይገባሉ፣ ነገ ደግሞ አንሶላ ላይ ያው ነው።»

«ልጆቹ እስኪበሩ ብቻ። ጥቂት ሳምንታት...»

«አንድ ሁለት ቀን ቢታገሡት በራሱ ዝም ይላል።» ይህን ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው ያለው፤ እንዲያውም በደግ ድምፅ። «ደግሞ ልንገርዎት፤ ያለ እኔ ፈቃድ ያንን ላሜራ ከነኩ የክፍልዎን ቁልፍ ሊያስረክቡኝ ነው የሚመጡት። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔም በላዬ ሰው አለብኝ።»

በራሱ ዝም ይላል! ስንቱ ነገር ነው በራሱ ዝም ያለው በዚህ ዓለም ላይ?

ምስማር ወደ ክፍሉ ገባ። ሚስቱ የሆነውን ሁሉ ሳይነግራት ከፊቱ አነበበች።

«ተው» አለችው። «እየለመንኩህ ነው፣ ተው። የት እንገባለን? ጉልበቴን ታውቀዋለህ። በዚህ ዕድሜ ማን ነው ቤት የሚሰጠን?»

«እም» አለ። አፉ ውስጥ ምስማር አልነበረም።

እንግዲህ ሁሉም ሥራውን ያዘ። መተኮሻው ላይ ያሉት ሴቶች ሬዲዮውን ከፍ አደረጉት። ከሬዲዮው በላይ እንዲሰማ ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያወሩ ጀመር። ከሰዓት በኋላ መጮሃቸውን ራሳቸውም አያውቁትም ነበር። እማማ አረፋ፣ ያቺ የልቅሶውን ዓይነት የለየችው፣ ገንዳዋ ላይ ማንጎራጎር ጀመረች። የሌሊት ወፍ ብቻ ነው የሚላመድ ያላችሁ ማን ነው? እኛን የሚያህል የለም። ዛፉን ያጣ እንስሳ ለመላመድ ትውልድ ይፈጅበታል፤ እኛ ከራሳችን ላይ ለሚያለቅስ ሕፃን ጆሮ ዳባ ልበስ ለማለት ግማሽ ቀን በቃን። አንዷ ዝም ስትል ሌላዋ ዝም ትላለች፣ አንዷ ስትስቅ ሌላዋ ትስቃለች። ተጠጋግተን እንሞቃለን፤ እኛም መንጋ ነን።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። አንሶላዎቹ ተቆለሉ፣ ወለሉ አበራ። ድምፁ ቀንሷል። ኃላፊው በመተኮሻው በኩል ሲያልፍ ወደ ምስማር ጠጋ ብሎ «አላልኩዎትም?» አለው።

ምስማር ያን ጊዜ የአንድ መደርደሪያ እግር ይጠግን ነበር። አላልኩዎትም ሲለው ነው የነቃው። ምክንያቱም ያ ድምፅ መቼ እንደቀነሰ እሱ ራሱ አላስተዋለም። ከጠዋት ጀምሮ ሠርቷል፣ በልቷል፣ አንድ ጊዜም ሰው ቀልዶ ስቋል። እንዲያውም እየሠራ ያፏጭ ነበር! ቀና ብሎ ጆሮውን ጣለ። ከላይ የቀረው ጥቂት ነው፤ እዚህ አንድ፣ ረጅም ዝምታ፣ እዚያ አንድ። ድምፁ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ይህ ዝምታ አስፈራው። ስለ ወፎቹ ብቻ አይደለም የፈራው። ራሱን ፈራ። ነገ ምንም ሳይሰማው ቀርቶ ደህና ሰው ሆኖ ሲኖር ታየው።

መዶሻውን ይዞ ወጣ። በጠራራ ፀሐይ፣ እንግዶቹ ግቢው ውስጥ ቆመው እያዩ፣ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«ጋሼ!» አለ ኃላፊው፣ መጀመሪያ በፈገግታ። ከዚያ ያለ ፈገግታ፣ «ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው? ይውረዱ!»

ምስማር ምስማሮቹን በጉጠት እየነቀለ መሬት ላይ ጣላቸው። አንድም ከንፈሩ ላይ አላስቀመጠም። መሰላሉ ተንቀጠቀጠ። ወደ ታች ሲያይ ሚስቱ ናት፤ እያነከሰች መጥታ ሁለቱን የመሰላል እግሮች ግጥም አድርጋ ይዛለች።

«አንተ ደንቆሮ ሽማግሌ!» ትለዋለች እያለቀሰች። «ብትወድቅ ማን ያስታምምሃል? ቶሎ በል እንጂ! ከከፈትክ አይቀር ቶሎ ክፈተው!»

ላሜራው ሲለቅ እናቶቹ እጁን እስኪያነሣ አልጠበቁም። ግድግዳውን የያዙት፣ ከጎረቤት አጥር ሥር የተደበቁት፣ ሁሉም መጡ፤ በጣቶቹ ላይ እየተረማመዱ ገቡ። ጥቂት ቆይቶ አንዷ ወጣች፤ ሆዷ ላይ አንድ ትንሽ የተሸበሸበ ነገር ተጣብቆ። በርራ ሄደች። ሌላዋም። ከዚያ ባዷቸውን የሚወጡ መጡ። ይወጣሉ፣ ዞረው ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። የሚጠሩት ድምፅ እየጠፋባቸው።

ምስማር ቆርቆሮውን ትንሽ ቀና አድርጎ ራሱን አስገባ። ልጆቹ የእንፋሎቱ ቧንቧ ባለበት በኩል ክምር ብለው ነበር፤ እናት ስታጡ ሙቀት ፈልጉ ብሎ ያስተማራቸው እንዳለ ሁሉ። በሕይወት የቀሩት መሐል ላይ ያሉት ናቸው። ዳር ዳር ያሉት ሞተዋል። ግን አልወደቁም። የሌሊት ወፍ እግር ተንጠልጥሎ አንዴ ከጨበጠ ሲሞትም አይለቅም። ስለዚህ የሞተውም ያለውም እኩል ተሰልፈው፣ እኩል ተንጠልጥለው፣ በዚያ ጨለማ ያዩት ነበር። አንዲት እናት ከዳሩ አንዱን ይዛ በአፍንጫዋ ትገፋዋለች። ትገፋዋለች። አሁንም ትገፋዋለች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ምስማር ይህን ተረት ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሲተርተው ከሰማ ተነሥቶ ይሄዳል።

ቁልፉን ሚስቱ ናት ያስረከበችው፤ ኃላፊው እጁን ሲዘረጋ መዳፉ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እንግዶቹ ሥራውን ሰጡ፤ ለአንሶላ ሌላ ምን ያስፈልጋል? እናቶቹ የተረፉትን በሌሊት ይዘው ከወጡ በኋላ፣ ስንጥቋን በማግስቱ ሌላ ጠጋኝ ደፈናት። የሞቱትን ከላይ ያወረደ የለም። መተኮሻው ያለ ሬዲዮ መሥራት ጀመረ።

አሁን ባልና ሚስት ሌላ ሠፈር፣ አንድ ሰው ጓሮ ውስጥ ይኖራሉ። ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው። ሚስትየዋ አንድም ቀን አላማረረችም። ማታ ስትቀመጥ ግን ከልማድ ጀርባዋን ታስጠጋና፣ እንደ ነካችው ትመለሳለች። ምስማር ይህን ባየ ቁጥር መዳፉን ግድግዳው ላይ አድርጎ ይቆያል፤ ሊያሞቀው የሚችል ይመስል። በየቤቱ እየዞረ ይጠግናል። ምስማር አፉ ውስጥ አያስገባም፤ ማንኛውንም ቀዳዳ፣ የአይጥ ጉድጓድም ቢሆን፣ ከመድፈኑ በፊት ጆሮውን ለጥፎ ይቆያል። «ግድግዳው ምን አለህ?» እያሉ ይስቁበታል።

«ሰማህ?» ትለዋለች ሚስቱ አንዳንድ ቀን።

«ምኑን?»

«ምንም የለም። እሱን እኮ ነው የምልህ። ምንም የለም።»

ዓመት ዞሮ የሌሊት ወፎቹ መውለጃ በሚደርስበት ወቅት ምስማር አንድ ቀን ሲመሽ ወደ ማጠቢያ ቤቱ ሄዶ መንገድ ማዶ ቆመ። መጡ። ከነበሩት በጣም ጥቂት፣ ሆዳቸው የከበደ። ምናልባት ከዚያ ክምር መሐል የተረፉት፣ አሁን አድገው፣ የተወለዱበትን ጣሪያ የሚፈልጉ። አንዷ ስንጥቋ ወደነበረችበት ትጠጋለች፣ ሲሚንቶውን በክንፏ ነካ ታደርጋለች፣ ትዞራለች። ሌላዋ ትጠጋለች፣ ነካ፣ ትዞራለች። እስኪጨልምና ዓይኑ እስኪያጣቸው ድረስ ነካ እያደረጉ ዞሩ። ለካ እነሱ እንደ እኛ አይደሉም፤ ያልለመዱት ነገርም አለ።

እናንተም ጣሪያ አላችሁ። ስንጥቅም አለው፤ አለው አልኳችሁ! ሳይቃጠል በቅጠል ነውና መሰላልና ሲሚንቶ ከመያዛችሁ በፊት፣ ሬዲዮውን አጥፉና ጆሮአችሁን አስጠጉ። ዝም ካለ አትመኑት፤ ደግማችሁ አስጠጉ። ከውስጥ ያለ ካለ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ እስኪበር ጠብቁት።